የተጻፈውን አንብቢልኝ

መምህር ማርቆስ ከሚዛን ወደ ማሻ ከሄደ ወዲህ ሰዎች ሱቄ በር ላይ ቆመው ይጠይቁኛል። አንዱ ላፕቶፑን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሌላው ኮምፒዩተሩን ከነኬብሉ ባጃጅ ላይ ጭኖ ይመጣና «ያ ዓይነ ስውሩ መምህር እዚህ አይቀመጥም እንዴ?» ይለኛል። ማሻ ያለ ማሠልጠኛ እንዲያስተምርለት ጠይቆት እንደሄደ፣ ባለቤቱም ሥራዋን ወደዚያው አዛውራ እንደተከተለችው እነግራቸዋለሁ። ቅር ሲላቸው ስልክ ቁጥሩን እሰጣቸዋለሁ። ያነሳላቸዋል። ግን ገና ችግራቸውን ዘርዝረው ሳይጨርሱ ያቋርጣቸዋል፦ «የሚመስልህን ተወው፤ የተጻፈውን አንብብልኝ።»

እኔ ይህን ቃል ከእሱ አፍ የሰማሁት የራሴ ኮምፒዩተር አልነሳ ባለኝ ቀን ነው። ሰውየውንም በደንብ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በፊት የማውቀው ሌላው የሚዛን ሰው በሚያውቀው ልክ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒዩተር ያስተምራል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ከትከሻው የማትወርድ ጥቁር ቦርሳ ነበረችው። ሲዲ፣ ፍላሽ፣ ትንንሽ መፍቻና አቧራ የሚያራግፍበት የቀለም ብሩሽ ይይዝባታል። ተወልዶ ያደገው ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የቤንች መንደር ስለሆነ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ጥርት አድርጎ ይናገራል፤ ሲቸኩል ብቻ ወንድና ሴቱ ይቀላቀልበታል። «ጽጌ፣ ና እስቲ ይሄን ያዝልኝ» ይለኛል። እኔም እሄዳለሁ።

ዓይኑን የወሰደበት የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ነው። ሳያመው፣ ሳያስታውቀው መጣበት። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ነው ያጨለመበት። ከጎኑ የሚመጣ ሰው አይታየውም ነበርና መንገድ ላይ ይጋጭ ጀመር። ተማሪዎቹ ሰላም ሲሉት ዝም ብሎ ሲያልፋቸው ኩራት መሰላቸው። ጅማ ድረስ ሄዶ ቢታከምም ሐኪሞቹ የቀረውን ሊያቆዩለት አልቻሉም። ሙሉ በሙሉ ከጨለመበት በኋላ ከቤት መውጣት ተወ። ባለቤቱ ሲስተር ትርሲት ጤና ጣቢያ ስትሄድ እሱ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይዞ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረ፤ መዝሙሩን ሁሉ በቃሉ እያወቀ እሱንም ተወው። እንዴት ነው ብለው ለሚጠይቋት ሲስተር ትርሲት «ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል» ትላለች እንጂ ሌላ አትጨምርም።

አንድ ጠዋት ክንዱን ይዛ ወደ ሱቄ አመጣችው። የእኔ ሥራ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ ያመጡልኝን ሁሉ እጽፋለሁ።

«ማመልከቻ ነው» አለች ትርሲት፣ አግዳሚው ላይ እያስቀመጠችው። «እሱ ይነግርሻል፣ አንቺ ጻፊለት። እኔ ተረኛ ነኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ማመልከቻው በሕመም ምክንያት ከሥራ እንዲሰናበት የሚጠይቅ ነበር። ኮሌጁ እስኪሻለው ብሎ ቦታውን ይዞለት ነበር። እሱ ግን «የማልሠራበትን ቦታ ይዤ ሌላ ሰው መከልከል አልፈልግም» አለኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ነጥብና ሰረዙን ሳይቀር እየነገረኝ ጻፍሁ።  የሰው ጉዳይ የሚያስጽፍ ይመስል ነበር። ሲጨርስ ግን «አንብቢልኝ» ብሎ ሳይጠይቅ ቀረ። ሌሎቹ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ።

ልክ ላትመው ስል መብራት ሄደ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። መብራቱ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። የኔ መጠባበቂያ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ጸንቶ ከመጣ በኋላ ኮምፒዩተሩን ሳበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከላይ አንዲት ነጭ መስመር ጽሑፍ ብቻ አለች። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያችው ነጭ መስመር ናት።

በዚህ መሀል ብርቱካን ገባች። ከሸኮ የመጣች የግብርና ተማሪ ናት፤ መመረቂያ ጽሑፏን ስለ ኮረሪማ ነበር የሠራችው። በዋዜማው ጽፌ ጨርሼላት አትሜ ልሰጣት ቀጥሬያታለሁ። የተከራየችበት ቤት አፍስሶ በእጇ የጻፈችው ረቂቅ ከነፌስታሉ ውሃ ሆኗል። ስለዚህ ሥራዋ ያለው እዚያ ጥቁር ስክሪን ጀርባ ብቻ ነው። እሷ ብቻም አይደለችም፤ የመመረቂያ ሰሞን ስለነበር የብዙ ልጆች ሥራ እኔ ጋ ነው።

ምን እንደተፈጠረ ስነግራት አልጮኸችም። ጃንጥላዋን ዘግታ መምህር ማርቆስ አጠገብ ቁጭ አለች።

ጎረቤቴን ቢኒያምን ጠራሁት። ስልክና ኮምፒዩተር ይጠግናል፣ ደግ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ አየና «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፤ አዲስ ዊንዶውስ እጭንልሻለሁ፣ ለምሳ ይደርሳል» አለኝ።

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱ ይሄዳል፣ ጽጌ። ምን ይደረጋል።»

«ቢኒያም፣ አንድ ጊዜ ቆይልኝ» አለ መምህር ማርቆስ። እስከዚያ መኖሩንም ረስተነው ነበር። «ጽጌ፣ ስክሪኑ ምን ይላል?»

«ሞቷል ነው የሚለው፣ መምህር።»

«እንደዚያ አይልም። የሚመስልሽን ተዪው። የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «ቡት ኤም ጂ አር ኢዝ ሚሲንግ።»

 ከዚያ ጉልበቱ ላይ በጣቶቹ መጻፍ ጀመረ፤ ቁልፎቹ እዚያ የተደረደሩ ይመስል። ያን ምልክቱን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሲያስብ የሚያደርገው ነው።

«ሲበራ ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ፋይል ነው የጠፋው» አለ። «የእናንተ ሥራ መጥፋቱን አይናገርም። ቢኒያም፣ ዊንዶውስ የተጫነበት ፍላሽ አለህ?»

«አለኝ መምህር።»

«አምጣው። ዕቃ የምንገለብጥበት ሃርድ ዲስክም ካለህ ጨምርልኝ። ፎርማቱ የትም አይሄድብንም፤ እሱ የመጨረሻው ነው።»

ቢኒያም ሁለቱንም ይዞ መጣ። ኮምፒዩተሩን በፍላሹ አስነሳነው። መሀል ላይ ጫን የሚል ትልቅ ቁልፍ ወጣ። «እሱን አትንኪው» አለኝ፣ ሳልነግረው። «ከታች በግራ በኩል ትንሽ ጽሑፍ አለች፣ ጠግን የምትል። እሷን ንኪ። ዝርዝር ይመጣል፤ መጨረሻው ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ይላል።» ሁሉም እንዳለው ነበር። የነካሁት ቦታ ላይ ጥቁር መስኮት ተከፈተ፤ ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሌላ ምንም የለም።

ዕድሜዬን በማውስ የሠራሁ ሰው ነኝ። እጄ ፈራ። «እዚህ ምንም የሚነካ ነገር የለም እኮ መምህር» አልኩት።

«የለም። ትጽፊለታለሽ፣ ይመልስልሻል። የመለሰውን ለኔ ታነቢልኛለሽ። ሌላ ሥራ የለብሽም።»

ተነሥቶ እየዳበሰ መጣና ከኋላዬ ቆሞ የወንበሬን መደገፊያ ያዘ። እያንዳንዱን ትእዛዝ በፊደል ነገረኝ። «ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኬ...» እጽፋለሁ፣ የጻፍሁትን መልሼ አነብለታለሁ፣ «አስገቢ» ሲለኝ ብቻ እጫናለሁ። አንድ ቦታ ላይ አስቆመኝ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ክሊን የምትባል ትእዛዝ አለች። በስህተትም እንዳትጽፊያት፤ ሁሉን ጠርጋ ነው የምትወጣ።» ይህን ስሰማ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ፤ ቢኒያም ሳቀብኝ።

የዲስኩ ክፍሎች ተዘርዝረው ወጡ።

«ሲ የሚለው መጠኑ ስንት ነው?»

«መቶ ሜጋ ባይት።»

«እሱ አይደለም። ትልቁ የቱ ነው?»

«ዲ።»

«አየሽ፣ በዚህ በኩል ሲገባ ስሙን ይቀይራል። ሲ ብለሽ የምታውቂው ዛሬ ዲ ነው። በልማድ ሲ ላይ ብንሄድ ምንም የለም ብለን ተስፋ እንቆርጥ ነበር።»

የዲን ማኅደሮች አስወጣን። እያነበብሁ ወረድኩ፣ አንዱን ከፈትን፣ ሌላውን ከፈትን፣ በመጨረሻ የፋይሎቹ ስም መጣ። የአንዱ ተማሪ፣ የሌላው ተማሪ፣ ከዚያ «ብርቱካን ኮረሪማ የመጨረሻው»። ጮክ ብዬ ነበር ያነበብሁት። ብርቱካን ከአግዳሚው ተነሥታ መጣች፤ ስሟን በዓይኗ ካየች በኋላ ተመልሳ ሳትቀመጥ እዚያው ቆማ ቀረች።

«አሁን ጥገና የለም» አለ መምህር ማርቆስ። «መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ቢኒያም ሃርድ ዲስክ እናውጣ። ከዚያ ብንሳሳትም የማንም ሥራ አይጠፋም።»

የመገልበጫውን ትእዛዝ ነገረኝ፣ ስሞቹ መፍሰስ ጀመሩ። እያነበብሽ ቀጥዪ አለኝ፤ አነበብሁ። አንዳንዱን ስም ሲሰማ «ይሄን ልጅ አስተምሬዋለሁ፣ ፊት ወንበር ነበር የሚቀመጠው» ይላል። «እሷስ ተመረቀች እንዴ ገና?» ይላል። ፊቱ ላይ ከጠዋቱ ያልነበረ ነገር መጣ። የተማሪዎቹን ስም እንዲህ ተደርድሮ ከሰማ ብዙ ጊዜው ነበር።

መሀል ላይ ቆመ። አንድ ፋይል ላይ ደርሶ ማለፍ አልቻለም፤ ሊያነበው ይሞክራል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይሞክራል።

«ቆሟል፣ መምህር። ማንበብ አልቻልኩም ይላል።»

«ተጽፎ ሳያልቅ መብራት የሄደበት ይሆናል። የትኛው ፋይል ነው?»

ስሙን አየሁት። ለማንበብ ከበደኝ። «ማመልከቻ፣ ማርቆስ» አልኩት።

 ቢኒያም እኔን አየኝ። መምህር ማርቆስ የወንበሬን መደገፊያ እንደያዘ ቆየ።

«እንግዲህ እንዲያልፈው ካልነገርነው ይሄው ሲደጋግም ይውላል» አለ። «አቋርጪውና እንደገና እንጻፈው፤ መጨረሻው ላይ እንቢ ያለውን እለፍ የሚል እንጨምርበታለን።»

ጨመርን። ኮምፒዩተሩ ያችን ፋይል ዘለለና ሌሎቹን ወሰደ። ብርቱካን ስሟ ሲያልፍ በከንፈሯ ብቻ ደገመችው።

ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው። ዲስኩን እንዲመረምርና የተዛባውን እንዲያስተካክል አዘዝነው። እሱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በመቶኛ እየቆጠረ ነው የሚሄደው። እኔ ቁጥሩን እነግረዋለሁ፣ መምህር ማርቆስ ቀስ ብሎ መዝሙር ያንጎራጉራል። ቁጥሩ ሲዘገይ እሱም ይዘገያል። ቀጥለን የጠፋውን መነሻ መልሰን ጻፍን፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ ፈልጎ አንድ ዊንዶውስ አግኝቻለሁ፣ ልመዝግበው ወይ ብሎ ጠየቀን። «ዋይ በይው፤ እሺ የምትል ፊደል ናት» አለኝ። ዋይ አልኩት።

«ፍላሹን ንቀይና አስነሺው።»

ስክሪኑ ጨለመ። ዓይኔን ከእሱ ላይ ሳላነሳ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ «መጣ» አለ። ስፒከሩ ያችን የዊንዶውስ መነሻ ድምፅ አሰምቶ ነበር፤ ከእኔ ቀድሞ የሰማው እሱ ነው።

ብርቱካን አጎንብሳ እጁን ሳመችው። ደንግጦ ሊነጥቃት ሲል ቢኒያም «ተዋት መምህር፣ እኔም ልስምህ ነበር» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ቀና ስል ሲስተር ትርሲት በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየንም። ከጃንጥላዋ ውሃ እየወረደ፣ ባሏ በሰው መሀል ቆሞ ሲስቅ ታየዋለች። ከዚያ ጃንጥላዋን ዘግታ ገባች።

«ማመልከቻውስ አለቀ?»

 «መብራት ሄዶበት ተበላሸ» አላት መምህር ማርቆስ። «ሌላ ቀን ጽጌ ትጽፍልኛለች።»

ትርሲት እኔን ተመለከተችኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፣ ግን «እሺ፣ እንሂድ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል» ነው ያለችው። ማመልከቻውን ሊያስጽፍ ተመልሶ አልመጣም።

እሱ ራሱ ግን መጣ። በነጋታው ከሰዓት በኋላ በትር ይዞ፣ የአጥሩን ዳር እየዳበሰ ብቻውን ደረሰ። «ዛሬ ምን የተበላሸ አለ?» አለኝ። ምንም የለም ካልኩት ቅር ይለዋል ብዬ ቢኒያምን ጠራሁት፤ ቢኒያም ተስፋ የቆረጠበት ላፕቶፕ ነበረውና አምጥቶ የሱቄ ጥግ ላይ አስቀመጠለት። ያ ጥግ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመምህር ማርቆስ ሆነ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ይቀመጣል፣ አልነሳ ያለ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ባለቤቶቹን ራሳቸውን ቁልፉ ፊት ያስቀምጣቸዋል። «ቫይረስ ነው» ብሎ የሚመጣውን «ቫይረስ የሚል ተጽፏል?» ይለዋል። አንድ ጊዜ ከቴፒ የመጡ ሽማግሌ የቡና መጋዘን ጥበቃ የአለቃቸውን ኮምፒዩተር ተሸክመው መጡ። «ልጄ፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» አሉት። «ፊደሉን ያውቁታል አባቴ?» አላቸው። ፊደሉንማ ያውቃሉ። አንድ በአንድ እየጠሩለት እሱ ቃሉን እየገጣጠመ ከሰዓቱን ሙሉ አብረው ሠሩ። ሰውየው ሲሄዱ «እኔ ነኝ የጠገንኩት» እያሉ ነበር፤ እሱም «እርስዎ ነዎት» አላቸው።

ቢኒያም ቆይቶ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አግኝቶ ላፕቶፑ ላይ ጫነለት። መምህር ማርቆስም በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ራሱ መጻፍ ጀመረ፤ ለወራት ያልነካውን ቁልፍ ሲያገኙት ጣቶቹ አልረሱትም ነበር። እሁድ መዘምራን መሀል መመለሱን የነገረችኝ ትርሲት ናት። ስትነግረኝ ከ«ደህና ነው» በላይ ሌላ ቃል ፈልጋ ብዙ አወራችኝ።

የኮሌጁ የትምህርት ክፍል ኃላፊ አቶ ደረጀ ሱቄ ድረስ የመጡት ወሬው ደርሷቸው ነው። መልካም ሰው ናቸው፤ ጥግ ላይ ቆመው ሲሠራ ብዙ ካዩ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ማርቆስ፣ ቦታህ አለ። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የተማሪው ስክሪን ላይ ምን እንዳለ እንዴት ታያለህ?»

«አላይም» አላቸው። «ያነብልኛል። አለማንበብ ነው ኮምፒዩተር የሚያስጠግናቸው፤ ስለዚህ እሱኑ ይማራሉ።»

አቶ ደረጀም «የጥገናውን ትምህርት እንስጥህ፣ እንሞክረው» አሉ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ትርሲት ተረኛ ስለነበረች ያደረስሁት እኔ ነኝ። ከባጃጅ ወርደን ግቢውን ስናቋርጥ ክንዴን አጥብቆ ይዞ ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ለቀቀኝ። «እዚህማ አውቀዋለሁ» አለኝና በትሩን ዘርግቶ ገባ። ልመለስ ነበር፤ ግን ልስማው ብዬ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ክፍሉ ሙሉ ነበር። ለትምህርቱ ሆን ተብሎ እንዳይነሳ የተደረገ አንድ ኮምፒዩተር ፊት ላይ ተቀምጧል። መምህር ማርቆስ አንድ ልጅ ከመቀመጫው አስነሥቶ ቁልፉ ፊት አስቀመጠው። ልጁ መጀመሪያ «አንድ ኤረር ነገር ይላል መምህር» ሲል ክፍሉ ሳቀ፤ መምህር ማርቆስም ሳቀና «ኤረሩ ስም አለው፣ በስሙ ጥራልኝ» አለው። ልጁ አነበበ። እሱ ትእዛዙን ነገረው፣ ሌላዋ ተማሪ መልሱን አነበበች፣ የኋለኞቹ ለማየት ተነሥተው ቆሙ። ሦስተኛው ትእዛዝ ላይ ልጁ አንድ ፊደል ሳተ፣ ኮምፒዩተሩ አላውቀውም አለ። መምህር ማርቆስ አልተቆጣም። የጻፈውን ራሱ እንዲያነብ አደረገው፤ ልጁ ስህተቱን ራሱ ሰማውና አስተካከለ።

ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ።

«ምን ይታያል?» አለ።

«ተነሥቷል መምህር።»

«መነሣቱንማ ሰማሁ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ምስል ምንድን ነው?»

ልጁ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልጠበቀም። «ተራራ ነው» አለ፣ እያየ። «ጫካ አለበት። ከሥሩ ውሃ አለ።»

«ውሃ አይደለም፣ ጉም ነው» አለች አንዷ ከመሀል።

«ጉም ከሆነማ የእኛው ማጂ ነው» አለ ከኋላ አንዱ።

«የፈረንጅ አገር ነው እንጂ፣ ዛፉን አታየውም?»

ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመሩ። መምህር ማርቆስ ፊቱን ወደሚናገረው ሁሉ እያዞረ ቆሞ ሰማቸው። ከዚያ በእጁ የመምህሩን ወንበር ፈልጎ አገኘ፣ ወደ ራሱ ሳበና ተቀመጠ።

«ተረጋጉ» አላቸው። «ጊዜ አለን። ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ንገሩኝ።»